ከውጭ የሚዘጋ በር

መቀርቀሪያው በውጭ በኩል መሆኑን ሬሐና ያየችው አይሱዙው እቃውን አራግፎ፣ በመጣበት ኮረኮንች ተመልሶ፣ የሞተሩ ድምፅ እንኳ ከጠፋ በኋላ ነበር። ቤቱን ሁለት ጊዜ መጥታ አይታዋለች። ጣሪያውን አንጋጣ አይታለች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳብሳ እርጥበት ፈልጋለች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘግታለች። በሩ ግን ሁለቱንም ጊዜ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው የጠበቃት፤ ክፍት በር ደግሞ ማን ይመረምራል? አሁን ልትዘጋው ስትይዘው በውስጥ በኩል ልሙጥ ብረት ብቻ ሆነባት። ዞራ ከውጭ ስታየው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው መቀርቀሪያ ከነቁልፍ ቀለበቱ ቁጭ ብሏል።

“አክመል፣ ይሄ በር የሚዘጋው ከውጭ ነው።”

“እና?” አለ ባሏ የአልጋውን ራስጌ እንደተሸከመ።

“እናማ ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነበር? ከውጭ የሚቆለፍበት?”

“ድንች ነበር። ባለቤቱ ድንች ያከማችበት ነበር ብዬሽ የለ? ድንች ደግሞ ከውስጥ አይቆልፍም።” በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ሬሐና አልሳቀችም። እሷ ስልክ በሌሊት ከጠራ መርዶ፣ ውሻ አብዝቶ ከጮኸ ሌባ የሚታያት ሴት ናት። አክመል “አንቺ ዝናብ ሳይዘንብ ጎርፍ ይወስድሻል” ይላታል። እውነቱን ነው። ግን ጎርፉ አንድ ቀን በእርግጥ መጥቶ ያውቃል፣ ያን ቀን ደግሞ አክመል ቤት አልነበረም።

ወደ ቡራዩ ያመጣቸው የልጃቸው የራያ ደረት ነው። ራያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ የተከራዩት ቤት ግድግዳው ከመኪና ቀለም ቀቢ ጋራዥ ጋር የተያያዘ ነበር። ጋራዡ ቀለም በረጨ ቁጥር የልጅቷ ደረት እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ሐኪሙ “ከዚህ ቀለም አርቋት” አለ። ሦስት ወር ሙሉ ቤት ፈለጉ። ሰበታ ሄደው አንድ ጥሩ ቤት አገኙ፤ ዋጋ ሊቆርጡ ሲሉ ንፋሱ ዞረና የፋብሪካ ሽታ ይዞ መጣ፣ ራያ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። ሱሉልታ ደግሞ አየሩ የጠራ ነው፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል፤ ብርድም እንደ ቀለም ያፍናታል። ቡራዩ ቀረ።

“አየሩን አሽትቺው እስቲ!” ይላል አክመል።

ሬሐና ግን ሌላ ነገር ነበር የምታሸተው። አምና አንድ ሌሊት ራያ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ሲጠቁር፣ ሬሐና በግቢው ያሉትን አራት በሮች ደበደበች። አንዱም አልተከፈተም። ልጅቷን አዝላ ሮጣ፣ በአሥር ደቂቃ ሐኪም ቤት ደረሰች። በር የሚከፍት ሰው ባይኖርም ሐኪም ቤቱ ነበር። እዚህስ? ከመንደሩ እስከ አምቦ መንገድ አስፋልት ሃያ ደቂቃ በእግር ነው። ሲመሽ ታክሲ የለም።

“ብንሞት ማን ያውቀናል?” ብላው ነበር። “እድር የለን፣ ዘመድ የለን፣ ቋንቋውን አናውቅ።”

“ቋንቋ ይለመዳል።”

“ትንፋሽ ማጣት ግን አይለመድም።”

የኮልፌዋ አከራያቸው እትዬ ሮማነወርቅ ይህን ፍርሃቷን ያውቃሉ። ጠዋት እቃው ሲጫን ወደ ጓዳ ጠርተው “እስከ ነገ ጠዋት ቤቱን ለማንም አላሳይም። ሆድሽ ከከፋ ደውዪልኝ፤ ለባልሽ አትንገሪው” አሏት። አክመል “ቁልፉን ሰጠሻቸው?” ሲላት “አዎ” አለች። አልሰጠችም። በደረቷ ነበር የያዘችው። እዚያ ቦታ ቀንም ሌሊትም የማይለየው የራያ ፓፍ ነው፣ ሲያፍናት በአፏ የሚነፋላት መድኃኒት። ሁለቱ አንድ ላይ ስላልተመቿት ፓፉን ለዛሬ ብቻ ብላ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አዲሱ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ባለቤቱ ሊያስደስታቸው ብሎ የትልቁን ክፍል ወለል ከትናንት በስቲያ ሊሾ አስደርጎላቸው ነበር፤ ገና አልደረቀም። የሚገባበት የድንቹ ክፍል ብቻ ሆነ። እዚያም ከራያ አልጋና ከአንድ የውሃ በርሜል ሌላ ምንም አልገባ ብሎ የተረፈው እቃ ግቢ ውስጥ ተከመረ። በወጨጫ ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሯል። አክመል ከመርካቶ መደቡ ያመጣውን ሰፊ ሸራ፣ አጥሩ ስር ባገኛቸው አጣናዎች አቁሞ፣ አራቱን ማዕዘን በገመድ ወጥሮ፣ እቃው ላይ ጣሪያ አበጀለት።

“ተመልከቺ! ዝናብ አይደለም ጥይት አይበሳውም።” እጁን አራገፈ። “እኔ አስፋልት ወጥቼ የውስጥ መቀርቀሪያ ገዝቼ እመጣለሁ። ለመግሪብ ሶላት እደርሳለሁ።”

“ብቻችንን ትተኸን?”

“ሬሑ፣ ቀን እኮ ነው። አሥር ሰዓት ነው።”

ሄደ። ራያ ግቢው ጥግ ጠጠር እየደረደረች ቤት ትሠራለች። ሬሐና ከሸራው ስር የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፣ ልጅቷ እንዳታያት ፊቷን አዙራ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች።

“ዋቀዮ!” ብሎ አምላክን የሚጠራ ድምፅ ቀና አደረጋት። በግራ በኩል ባለው አጥር ላይ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ዓይናቸው ከሸራው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሸራው ተመላለሰ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ከአጥሩ በታች ጠፉ።

ምን አይተው ነው? ሬሐና ዕንባዋን ጠርጋ ዙሪያዋን ቃኘች። ከቤቱ ሌላ የሚታይ የለም። ቤቱን ነው እንጂ! ስለዚህ ቤት የሚያውቁት ነገር አለ። ከውጭ የሚዘጋ በር!

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው በሞተር ሳይክል መጣ። ክፍቱ የግቢ በር ጋ ሲደርስ ሞተሩን አዘግሞ ወደ ውስጥ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ደረቱ ላይ ያዘው፣ ሄደ። ከዚያ ሁለት ሴቶች መጡ። ቆመው ተንሾካሾኩ፤ አንደኛዋ ወደ ራያ በአገጯ አመለከተችና ከንፈሯን መጠጠች። ሬሐና “ምን ፈለጋችሁ?” ብላ ልትነሳ ስትል አቀርቅረው በፍጥነት ተመለሱ።

“ራያ፣ ነይ ግቢ።”

“ቤቴን ልጨርስ፣ እማ።”

“ነይ አልኩሽ!”

የግቢውን ቆርቆሮ በር ልትዘጋው ሞከረች፤ ማጠፊያው ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። በዚህ ጊዜ ነው ከታች በኩል ጡሩምባ የተነፋው። ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ተከትሎ የወንድ ጩኸት መጣ፣ በኦሮምኛ። ከተናገረው ሁሉ የገባት አንድ ቃል ነው። “ኮታ!” ኑ ማለት ነው፤ ይህን እንኳ ታውቃለች። ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፣ ቀረብ ብሎ። ኮልፌ ተወልዳ ኮልፌ ያደገች ሴት ናት። እዚያ የእድሩ ጸሐፊ አባላቱን የሚጠራው በስልክ መልእክት ነው። ጡሩምባ እሷ የምታውቀው በወሬ ብቻ ነው፦ እንዲህ ባለ ቦታ ጡሩምባ ተነፋ፣ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ፣ እንዲህም ሆነ እየተባለ።

አየቻቸው። በኮረኮንቹ መንገድ ሠላሳ፣ አርባ ሰው ይመጣል። ከፊት ያሉት ወንዶች አጣና ተሸክመዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ረዣዥም ብረት። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ማንም አያወራም። ሰው ለደግ ነገር ሲመጣ ያወራል፣ ይስቃል። ዝም ብሎ የሚመጣ ሕዝብ ምን ሊያደርግ ነው?

ራያን ጎትታ ወደ ድንቹ ክፍል ገባች። በሩን ገጠመችው። የሚቆለፍ ነገር የለም። በርሜሉን እየገፋች ስታስደግፈው ወለሉ ላይ የተረፈው የድንች አፈር እንደ ጭስ ተነሳ። ለአክመል ደወለች፤ ይጠራል፣ አያነሳም። ለእትዬ ሮማነወርቅ ደወለች።

“እትዬ! ቤቱን አይስጡብኝ! እመለሳለሁ፣ ነገ በጠዋት እመለሳለሁ!”

“ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?”

ከውጭ የብረት ድምፅ ተንኳኳ። ስልኩን ዘጋችው። ያኔ ነው ያን ድምፅ ከአጠገቧ የሰማችው። ሲጥ ሲጥ ይላል። ራያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ በአፏ አየር ትፈልጋለች።

“እማ… ፓፉን…”

ሬሐና እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። ያወጣችው ቁልፍ ነው።

ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ ምን እንደሆነ እንደማያውቅ ሰው አየችው። ፓፉ ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳው ሸራው ስር፣ ሸራው ጋ ደግሞ እነዚያ ሰዎች። የልጇ ከንፈር መጥቆር ጀምሯል።

በዚሁ ቅጽበት ውጭ አንዲት ሴት ጮኸች። “ወይኔ! ወይኔ!” ሌላዋ ተቀበለቻት። ለቅሶ ነው። የለቅሶ ድምፅማ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ሬሐና ቀዘቀዘች። መርዶ! ሽማግሌ ሰብስበው መርዶ ሊያረዷት ነው የመጡት። አክመል ስልክ ያላነሳው… መንገድ ሲሻገር…

የራያ ትንፋሽ ግን ቆማ እንድታስብ አልፈቀደላትም። በርሜሉን በትከሻዋ ገፍታ ጣለችው፣ በሩን በረገደችው፣ “ቦርሳዬ! ቦርሳዬን!” እያለች ወደ ሸራው ሮጠች።

ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ያዟት። አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ፣ አንዷ ከኋላ ወገቧን። አጥር ላይ ያየቻቸው አሮጊት ፊቷን በመዳፋቸው ይዘው “አይዞሽ ልጄ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ” ይሏታል።

“ልቀቁኝ! ቦርሳዬን ስጡኝ!”

“ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው። አጥብቃችሁ ያዟት፣ ራሷን እንዳትፈጠፍጥ።”

“ልጄ! ልጄ ናት እኮ!”

“ልጇ ናት!” አለ አንድ ሰው። ይህን የሰሙት ሴቶች ሁሉ ለቅሶውን ከፍ አደረጉት፤ እጆቹም ይበልጥ ጠበቁ። ሬሐና እንደዚያ በፍቅር ታስራ አታውቅም፣ እንደዚያም ፈርታ አታውቅም። ቦርሳው አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ብፌው ጫፍ ላይ ይታያታል።

አንዲት ወጣት ብቻ አላለቀሰችም። ራሷን ዘንበል አድርጋ ወደ ክፍሉ እያዳመጠች ነው።

“ዝም በሉ!” አለች። “ዝም በሉ አልኳችሁ! ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አለ!” ዘላ ገባችና ወዲያው ብቅ አለች። “ልጅቷ በሕይወት አለች! አስም ነው! ፓፍ አላት?”

“ቦርሳው! ቡናማው ቦርሳ!”

ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲወረወር ቦርሳው መሬት አልነካም። ወጣቷ ስሟ ሄመን ነው፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ ቤቷ ከኋላው አጥር ጋር የተያያዘ። ራያን ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ ፓፉን ነፋችላት፣ ጠበቀች፣ ደግማ ነፋችላት። “ወደ እኔ እይ። ቀስ። እንደ ሻማ እፍ በይ።” ያ ሁሉ ሰው በሩ ላይ ተደራርቦ ትንፋሹን ይዟል። የራያ ትከሻ ቀስ በቀስ ከጆሮዋ ወረደ።

“እማ፣” አለች ድምፅ ሲወጣላት፣ “ማን ነው የሞተው?”

ሰዎቹ ተያዩ።

“እኛም እሱን ነው የምንጠይቀው፣” አሉ አንድ ዘይት በነካው ቱታ ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ። ኦቦ ደቻሳ ይባላሉ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ብረት በያጅ ናቸው። “ማን ነው የሞተባችሁ?”

“እናንተ አይደላችሁ ልትነግሩኝ የመጣችሁት?” አለች ሬሐና። “ባሌ…”

“ባልሽን የት እናውቀዋለን?”

ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞረ። “እኔማ ድንኳን አየሁ፣” አሉ እማማ ጠጅቱ ወደ ሸራው እየጠቆሙ። “ድንኳኑ ስር ራሷን ይዛ የምታለቅስ ሴት አየሁ። ሌላ ምን ልል ነው? ሐዘንተኛ ማን ሞተብሽ ተብሎ በአጥር ይጠየቃል? ሄጄ ለኢፋ ነገርኩት።”

ጡሩምባውን ብብቱ ስር ያደረገው ኢፋ ራሱን አከከ። “አሥራ ሁለት ዓመት ጡሩምባ ነፋሁ። የቀብሩን ሰዓት ሊነግሩኝ ሲገባ ‘ማንም አልሞተም’ ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ምን ብዬ ልንፋ? ለቅሶው ቀርቷል?”

አንዱ ሳቀ። ሌላው “ዝም በል፣ ነውር ነው” አለና ራሱም ሳቀ። አጣናና ብረት የያዙት የእድሩን ድንኳን ሊተክሉ፣ ከኋላ ያሉትም አግዳሚ ወንበር ይዘው የመጡ ናቸው፤ የሬሐና ሸራ አነስተኛ መስሏቸው። ሳቁ ገና ሳይበርድ አክመል በግቢው በር ታየ። በአንድ እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ መቀርቀሪያ ይዟል። ሕዝቡን አየ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን አየ፣ መሀል ላይ በዕንባ የራሰ የሚስቱን ፊት አየ። መቀርቀሪያው ከእጁ ወደቀ።

“ራያ?” አለ። ድምፁ የሱ አልነበረም። “ራያ?”

“አባ፣ አለሁ!” አለች ራያ ከውስጥ።

እዚያው ኮረኮንቹ ላይ ተቀመጠ። ጎርፉን የማያይ ሰው ነበር፤ ሬሐና አሁን ፊቱ ላይ ውሃውን አየችው። ኦቦ ደቻሳ ብብቱን ይዘው አነሱት። “ተነስ ወንድሜ። ደግሞ አንተን ማልቀስ እንዳንጀምር።”

ሸራውን ቶሎ አወረዱት። “የላይኛው ሰፈር ደግሞ አይቶ ሳይመጣ!” እያሉ። ደመናው ሄዶ ነበር፤ እቃውንም ተቀባብለው እማማ ጠጅቱ ቤት በረንዳ ስር አስገቡላቸው። አግዳሚዎቹን ግን “ሊሾው እስኪደርቅ ተቀመጡበት” ብለው ተዉላቸው። አንዲት ሴት ሳህን ሙሉ ንፍሮ ይዛ መጥታ ነበር፣ ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆመች። ሬሐና ሳህኑን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች። በመጡበት ቀን፣ ለለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ።

“እኔ አልበላም። ደግ አይደለም።”

“ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣” አሉ እማማ ጠጅቱ፣ “ንፍሮ ሰው ሲገድል አላየሁም። ርሃብ ነው የሚገድለው። ብዪ።”

“እማማ፣ እኛ እኮ የእድሩ አባል አይደለንም። ስማችንን እንኳ አታውቁም።”

“ባናውቃችሁስ? እንግዳ ሰው ሬሳ ታቅፎ ብቻውን ይደር?”

ሬሐና “ቢስሚላህ” ብላ አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ አስገባች። ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ኦቦ ደቻሳ መሰርሰሪያቸውን አስመጥተው መብራት ሳይሄድ ሥራ ጀመሩ። አዲሱን መቀርቀሪያ በውስጥ በኩል ገጠሙት። ሬሐና አጠገባቸው ቆማ ታያለች።

“የውጭውን ይቁረጡልኝ፣ ኦቦ።”

“ምን ያደርግሻል? ለቀን ቁልፍ ይሆንሻል።”

“ይቁረጡልኝ።”

ቆረጡት። ብረቱ ወድቆ ሲጮህ ደነገጠች። “የውስጡ ደግሞ ጠጠር ያለ አይሁን፣” አለች። “ሌሊት ራያ ብትታመም፣ በአንድ እጅ የሚከፈት።”

ሄመን ከራያ አልጋ አጠገብ ተነሳች። “ሌሊት ከባሰባት ያንን የኋላ አጥር ቆርቆሮ በድንጋይ ምቺው። በአጥሩ ቀዳዳ ነው የምገባው። ግን ነገ ጣቢያ አምጪያት፣ ደረቷን በደንብ እንይ። ይሄ አፈር ደግሞ ዛሬውኑ በውሃ ይጠረግ፣ ከቀለም አይሻልም።”

“ባትመጪ… ባትሰሚኝስ?”

“ደግመሽ ምቺው፣” አለች ሄመን።

ወለሉን አጥበው ሲጨርሱ ስልኩ ጠራ። እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው።

“ልጄ፣ አስደንግጠሽኝ ቁጭ ብዬ ቀረሁ! ነገ በስንት ሰዓት ትመጫለሽ?”

ሬሐና ቁልፉን አየችው። አሁንም በእጇ ነው፤ ጥርሱ መዳፏ ላይ ታትሟል። ደረቷ ስር፣ በቦታው፣ ፓፉ ገብቷል። አክመል ከአልጋው ጫፍ ቀና ብሎ ቁልፉን አየ፣ እሷንም አየ። መሽቷል። አስፋልቱ ሩቅ ነው። ነገም ሩቅ ነው፣ ከነገ ወዲያም ክረምት ይመጣል፣ ብርዱ፣ ጭቃው፣ ሄመን ሥራ የምትቀይርበት ቀን፣ ጡሩምባው በእውነት የሚነፋበት ቀን። ሁሉም ተሰልፎ ታያት። ከዚያም ያልተከፈቱት አራቱ የኮልፌ በሮች ታዩዋት።

“ቁልፉን አክመል ሰኞ ያመጣልዎታል፣ እትዬ።”

“ልትቀሪ ነው? ማን አለሽ እዚያ?”

“ለቅሶ የደረሱኝ ሰዎች አሉ።”

“ውይ! ማን ሞተብሽ?”

“ማንም፣” አለች ሬሐና። “ማንም አልሞተም።”

ስልኩን ዘግታ ተነሳች። አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ ጨለማውን አየች፤ በኋላው አጥር በኩል የሄመን መብራት ይታያል። ድንጋይ መርጣ ከደጃፉ ወደ ውስጥ አስገባች፣ በእጅ የሚጨበጥ፣ የማይከብድ። በሩን ገጠመችው። መቀርቀሪያውን ገፋችው። መልሳ ሳበችው፣ በአንድ እጇ፤ ተከፈተ። እንደገና ገፋችው።

“እማ፣ ተዘጋ እኮ፣” አለች ራያ በእንቅልፍ ድምፅ።

“አውቃለሁ፣” አለችና አንድ ጊዜ ሳበችው፣ ለመጨረሻ ጊዜም ገፋችው።